አያ ሚስባህ በበሽተኛው ወንበር

ቅዳሜ ጠዋት ነው። በኮምቦልቻ መናኸሪያ ወደ ደሴ የሚወጣ አንድ ሚኒባስ ሰው ሞልቶ፣ ሞተሩም ተነሥቶ፣ መንቀሳቀስ ግን አልቻለም። ምክንያቱም አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው፣ ጣሪያውን በኮፍያቸው ደግፈው፣ አልቀመጥም ብለዋል።

«አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ!» አለ ረዳቱ።

«ቆሜ እሄዳለሁ።»

«ወንበር እያለ?»

«ለሌላ ሰው ስጠው። እኔ የደጋን ሰው ነኝ፤ መቆም አይከብደኝም።»

«ትራፊኩ የደጋን ሰው ነው ብሎ አይምረኝም! ይቀጣኛል!»

ተሳፋሪው ሳቀ። በመስኮት በኩል የተቀመጠ አንድ ወጣት ግን አልሳቀም። ሽማግሌውን ልብ ብሎ አያቸውና ጃኬቱን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ አነጠፈው።

«አያ፣ እዚህ ላይ ይሞክሩ። ለስለስ ይላል።»

ሽማግሌው ወጣቱን በጥርጣሬ አዩት። ከዚያም «ቢስሚላህ» ብለው፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተጠንቅቀው፣ በግራ ጎናቸው ብቻ ተቀመጡ።

እኚህ ሰው አያ ሚስባህ ይባላሉ፤ ደጋን የምትባል የገጠር ከተማ ነዋሪ ናቸው። ከረመዳን ወዲህ ኪንታሮት ይዟቸዋል። ይህንንም የሚያውቁት አላህና እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም። በቅሏቸውን ለአጎታቸው ልጅ ያዋሱት «ጠባይዋ ተበላሸ፣ ትራገጣለች» ብለው ነው። ምስኪኗ በቅሎ ግን በዕድሜዋ ሰው ረግጣ አታውቅም። የጁምዓን ኹጥባ ከመስጊዱ በር ላይ ቆመው የሚያዳምጡት ደግሞ «ለሽማግሌዎች ቦታ ልልቀቅ» እያሉ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ደፍሮ የነገራቸው አልነበረም።

የደበቁት አንድም በዓይን አፋርነታቸው ነው። ከዚያ የባሰው ግን ልጃቸው ኢስራ ደሴ ሕክምና መማሯ ነው። ገና የተመደበች ዕለት የደጋን ሰው ሁሉ እሷን «ዶክተር»፣ እሳቸውን «የዶክተሯ አባት» ማለት ጀመረ። አያ ሚስባህም ማዕረጉን ተቀብለው ዝም አላሉም። ገበያ ላይ ራሱን ያመመውንም፣ እግሩ የወለመውንም፣ እንቅልፍ የነሣውንም ሁሉ «ውሃ አብዝተህ ጠጣ» እያሉ ያዝዙ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛው አፉ «እኔም አሞኛል» ይላል?

ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ መውጣት ጀመረ። በየመታጠፊያው አያ ሚስባህ «ያ አላህ!» ይላሉ። ተሳፋሪው ለመንገዱ የሚጸልዩ መስሎት «አሚን» ይላል።

«ወዴት ነው መንገዱ፣ አያ?» አለ ወጣቱ።

«ደሴ። ልጄን ላመጣ።»

«አሟት ነው?»

«ኧረ እሷስ ደህና ናት! የታመመውስ ትምህርቱ ነው።» አያ ሚስባህ የልባቸውን ለመንገር ሰው ሲፈልጉ ነበርና ቀጠሉ። «ሕክምና ትማራለች። የጽሑፉን ፈተና አለፈች፤ በሽተኛ አናግረው በቃል የሚያስረዱትን ወደቀች። ሰኞ ድጋሚ ይሰጧታል። ያንንም ከወደቀች ዓመቱን ልትደግም ነው። እኔ ግን ሰኞን አልጠብቅም። እህቴ ዘሀራ እዚህ ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ለልጄም ሥራ አግኝታላታለች፤ ሰኞ ትጀምራለች።»

«ሰኞ ፈተናዋ አይደል?»

«ለዚህ ነው ዛሬ የምሄደው። ሁለት ጊዜ ከምትዋረድ አንዱ ይበቃታል። ስማኝማ ወንድሜ፣ ሕክምና የከተማ ሰው ልጅ ትምህርት ነው። አባቱ ሐኪም የሆነ፣ ያ ጆሮ ላይ የሚሰካው ነገር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየ ያደገ ልጅ ይማረው። የኛ ልጆች ቀለም ቢገባቸውም እዚያ ሲደርሱ ምላሳቸው ይታሰራል።»

«የታሰረ ምላስ ይፈታል እኮ፣ አያ።»

«ማን አሰረው ብለህ ነው? እኔ ነኝ! ወላሂ፣ በሥርዓት ነው ያሳደግኳት። ታላቅ ፊት ዓይኗን ከመሬት አታነሣም። የተጠየቀችውን በአንድ ቃል መልሳ ዝም ትላለች። ሐያእ ያላት፣ ጨዋና ዓይን አፋር ልጅ ናት።»

«ፈታኙ ፊትም በአንድ ቃል መልሳ ዝም ካለች ግን አታውቅም ይላታል።»

«ታዲያ ፈታኙ ባለጌ ነዋ!»

ወጣቱ ሳቁን ዋጠ። «ባለጌ እንኳ አይደለም። የከተማው ልጅ ከአባቱ ጋር ገበታ ላይ እየተከራከረ ነው ያደገው። ግማሹን ቢያውቅ በሙሉ አፉ ይናገረዋል። የገጠሩ ልጅ ሙሉውን እያወቀ በግማሽ አፉም አይናገርም። ፈታኙ ደግሞ የሚሰማው ከአፍ የወጣውን እንጂ ልብ ውስጥ የቀረውን አይደለም።»

«እና ልጆቻችንን ዓይን አውጣ እናድርጋቸው?»

«በፍጹም። ሐያእ ሌላ፣ ዝምታ ሌላ። ለዚህ የሚያስፈልገው ልምምድ ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እትዬ ብዙዬ የሚባሉ ደግ ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናቸውን ይለቁልናል። ቀደም ብለን ሕክምና የገባነው ከየገጠሩ የሚመጡትን እናግዛለን። መጽሐፍ እንዋዋሳለን። መምህሩ በእንግሊዝኛ እየሮጠ ያለፈውን እኛ በአማርኛ ቀስ ብለን እንፈታዋለን። ከሁሉ በላይ ግን በሽተኛን ስለ ሕመሙ መጠየቅ እንለማመዳለን። እትዬ ብዙዬ ራሳቸው በሽተኛ ሆነው ይቀመጡልናል። ባለፈው ‘እርጉዝ ነኝ’ ብለው ስንቱን ተማሪ አስጨነቁት። የልጅ ልጅ የዳሩ ሴት ናቸው!»

«አስተግፊሩላህ! ውሸት ነዋ የምታስተምሩት።»

«ሲያልቅ ስቀን እናፈርሰዋለን። ሐኪም ቤት ውስጥ በእውነተኛ በሽተኛ ላይ ከምንሳሳት እዚያ ብንሳሳት አይሻልም?»

ይህ ነገር ለአያ ሚስባህ ትንሽ ገባቸው፤ ግን ገባኝ ማለት አልፈለጉም። ወጣቱም «የልጅዎ ስም ኢስራ አይደል?» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ልደብቅዎ አልፈልግም። ሙንዚር እባላለሁ፣ ሐኪም ነኝ። የቃሉን ፈተና ወድቃ፣ ሰኞ ድጋሚ የምትፈተን፣ የደጋን ልጅ እሷ ብቻ ናት። ከኛ ጋር ነው የምትለማመደው። አሁንም እዚያ ናት።»

«ከወንዶች ጋር?»

«ከወንዶችም ከሴቶችም ጋር፤ እትዬ ብዙዬ መሃላችን ከዘራ ይዘው ተቀምጠው። አያ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ሻንጣዋን ከማስያዝዎ በፊት በሽተኛ ስትጠይቅ ይዩዋት። አይተው ካላመኑ፣ ሻንጣዋን እኔ ራሴ ተሸክሜ መናኸሪያ አደርስልዎታለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

«እንግዲያው አያታለሁ። ቃሌ ነው» አሉ አያ ሚስባህ። ሰው እንዲህ በቀላሉ ቃል የሚገባው የሚመጣውን ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ቧንቧ ውሃ ደርሰው ከእትዬ ብዙዬ ደጅ ሲቆሙ የሙንዚር ስልክ ጮኸ። «ይግቡ፣ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ወደ ጥግ ፈቀቅ አለ። አያ ሚስባህ ብቻቸውን ገቡ።

ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ደግሞ ችግር ገጥሟቸው ነበር። እትዬ ብዙዬ ለቅሶ ሄደዋል። ሲወጡ ግን «አትጨነቁ፣ አንድ ጎረቤቴን በሽተኛ አድርጌ እልክላችኋለሁ» ብለው ነበር። ስለዚህ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከበሩ ብቅ ሲሉ፣ የደሴ ከተማ ልጅ የሆነው፣ ፈጣኑና ደስተኛው ጸጋው ብድግ ብሎ ተቀበላቸው።

«ይግቡ አባት! እርስዎን ነበር የምንጠብቀው!»

አያ ሚስባህ ደስ አላቸው። ልጃቸው ስለ እሳቸው ነግራቸው መስሏቸዋል። በሳሎኑ መሃል አንዲት የእንጨት ወንበር ነበረች። ተማሪዎቹ ዙሪያዋን ከበዋል።

«እዚህ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ኧረ በፍጹም! ለእርስዎ ነው ያዘጋጀናት።»

ለእንግዳ የተዘጋጀ ወንበር እንቢ አይባልም። ጥርሳቸውን ነክሰው ተቀመጡ። ጸጋው ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና እስክሪብቶውን አወጣ።

«እንዴት ነዎት?»

«አልሃምዱሊላህ።»

«ዛሬ ምን አስመጣዎት?»

«ልጄ ናፈቀችኝ።»

ጸጋው ጻፈ። «ከዚያ ሌላ የሚያስቸግርዎ ነገር የለም?»

«አልሃምዱሊላህ። ያንተ ቤተሰብስ ደህና ነው? አባትህ? እናትህ?»

«ደህና ናቸው። ሳል አለዎት?»

«ኧረ አልሃምዱሊላህ!»

«ትኩሳትስ?»

«አልሃምዱሊላህ።» የከተማ ሰው ሰላምታ አያውቅም የሚሉት ሐሰት ነው፤ ይህ ልጅ ምንኛ የታረመ ነው ሲሉ አሰቡ።

«የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው?»

«ካቀረባችሁ እቀምሳለሁ፤ ብዙ አትድከሙ እንጂ።»

ጸጋው ትንሽ ግር አለው፤ ግን ቅደም ተከተሉን ይዟልና ቀጠለ። «ሽንትዎስ?»

አያ ሚስባህ ደነገጡ። ደጋን ሰው ሲገናኝ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ፣ ስለ ዝናብ ይጠያየቃል። ስለ ሽንት የጠየቃቸው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልነበረም። ቢሆንም የደሴ ልማድ ይሆናል ብለው አሰቡ። እንግዳ ደግሞ የባለቤቱን ልማድ ያከብራል።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ በትሕትና። «ያንተስ?»

ቤቱ ተናወጠ። አንዱ ተማሪ ከሳቁ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠ። ሳቁን ሰምታ ከውስጠኛው ክፍል ኢስራ መጽሐፍ ይዛ ብቅ አለች፤ ሙንዚርም በዚያው ቅጽበት ከደጅ ገባ።

«አባዬ!» አለች ኢስራ። መጽሐፉ ከእጇ ወደቀ።

«አባትሽ ናቸው?» አለ ጸጋው። ፊቱ ደም መሰለ። «ይቅርታ አባት! እትዬ ብዙዬ የላኩልን በሽተኛ መስለውኝ ነው!»

«በሽተኛ?» አያ ሚስባህ ከወንበሩ ተነሡ። መነሣቱ ራሱ እፎይታ ነበር። «እኔ? የዶክተሯ አባት? ኢስራ፣ ሻንጣሽን አምጪ!»

ኢስራ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ለመሄድ ዞረች።

«አያ፣» አለ ሙንዚር ረጋ ብሎ፣ «ቃልዎ ስትጠይቅ ሊያዩዋት ነበር።»

«አየሁ እኮ! ሽንቴን ተጠየቅሁ!»

«የጠየቀዎት ጸጋው ነው። እሷ ገና አልጠየቀችም።»

አያ ሚስባህ ብዙ ነገር ያጠፋሉ፤ ቃላቸውን ግን አያጥፉም። ተመልሰው ተቀመጡ። ሲቀመጡም ሳያስቡት «እህ!» የምትል ትንሽ ድምፅ አመለጠቻቸው። ማንም አልሰማትም፤ ከኢስራ በቀር።

ኢስራ አባቷ ፊት ቆመች። ሰው ሁሉ ጠበቀ። እሷ ግን ዝም አለች። በዚያ በወደቀችበት ፈተና ላይም የሆነው ይኸው ነበር፤ ሁሉን እያወቀች አፏ አልከፈት ብሎ ጊዜው አለቀ። ሙንዚር ጣቶቹን ያፍተለትል ጀመር። አያ ሚስባህም ድሮስ አላልኩም እንደ ማለት አዩት።

ኢስራ ቀና ብላ ለጓደኞቿ «አንዴ ውጭ ቆዩልን» አለች።

አያ ሚስባህ ዓይናቸው ፈጠጠ። ልጃቸው ሰው ስታዝ ሰምተው አያውቁም። ይልቁንም የገረማቸው ተማሪዎቹ ምንም ሳይሉ መውጣታቸው ነው። ሙንዚር ብቻ ከበሩ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ቀረ። ኢስራ አንዲት ዱካ ስባ ከአባቷ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ በቅሏችን እንዴት ናት?»

«የአጎቴ ልጅ ዘንድ ናት። ጠባይዋ ተበላሸ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከረመዳን ወዲህ።»

«ስትራገጥ ነው ያስቸገረችዎ ወይስ ሲቀመጡባት?»

አያ ሚስባህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት መረመሩ።

«ኹጥባውንም ቆመው ነው የሚሰሙት አለችኝ፣ እማዬ።»

«እናትሽ ወሬኛ ናት!»

«በርበሬም ትተዋል አለችኝ።»

«የዘንድሮ በርበሬ ምን ጣዕም አለውና ነው?»

«አባዬ።» ኢስራ ዓይኗን ከመሬት አነሣች። ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማሯትን ሥርዓት አፍርሳ አባቷን ፊት ለፊት አየቻቸው። አያ ሚስባህ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን ዓይኗ ውስጥ የጠበቁትን ዓይን አውጣነት አላገኙም። ያገኙት ስጋት ነው፤ አባቴ ምን ሆነብኝ የሚል። «የሚብስዎት ሲቀመጡ ነው ወይስ ከመጸዳጃ ሲመለሱ?»

ከዚያ የደጋኑ ሰው፣ ረመዳንን ሙሉ፣ ከዚያም ወዲህ ማንም ያልሰማውን ነገር በቀጭን ድምፅ ተናገሩ።

«ሁለቱም።»

«ደም አለው?»

«አንዳንዴ።»

«ይህ ብዙ ሰው የሚይዘው ነገር ነው፤ መድኃኒት አለው። ደም ስላለው ግን ዛሬውኑ መታየት አለበት። የሚያይዎት ሙንዚር ነው፤ እኔ አልገባም።»

አያ ሚስባህ በረጅሙ ተነፈሱ። «ሚኒባሱ ውስጥ ጃኬትህን ያነጠፍክልኝ አውቀህ ነው ለካ!» አሉ ወደ ሙንዚር ዞረው።

«ጠርጥሬ ነበር። ግን ብጠይቅዎ ይነግሩኝ ነበር?»

«አልሃምዱሊላህ ብዬ እሸኝህ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ በክሊኒክ ከታዩ በኋላ አራቱም፣ ጸጋውም ጭምር፣ ወደ ሳሎኑ ተመለሱ። ሙንዚር የሰጣቸው ቅባትና ምክር ነበር፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እንዲቀመጡ፣ አትክልት እንዲያዘወትሩ፣ ከሁሉም በላይ «ውሃ አብዝተው ይጠጡ» የሚል።

«ይህንንማ እኔም ለሰው ሁሉ አዝ ነበር!» አሉ አያ ሚስባህ። «ለራሴ ማዘዙን ነው የረሳሁት።»

ጸጋው የጻፈውን ወረቀት አወጣ። «አባት፣ እኔ እኮ ‘ሰውየው ምንም የለባቸውም፣ ልጃቸው ብቻ ናፍቃቸዋለች’ ብዬ ነው የጻፍኩት። እውነተኛ ሐኪም ብሆን ኖሮ ከነሕመምዎ ነበር የምሸኝዎት።»

«አየህ፣ አንተ ልጅ» አሉት፣ «አልሃምዱሊላህ ማለት አላመመኝም ማለት አይደለም። ቢያመንም ባያመንም እንላለን።»

«አያ፣ እስቲ አንድ ነገር ለኔም ይንገሩኝ» አለ ሙንዚር። «አልሃምዱሊላህ ለአላህ የሚሰጥ ምስጋና ነው፤ መቼም አይቀርም። ሐኪሙ የሚጠይቀው ግን የት ጋ ያምዎታል ነው። ምስጋናውን ለፈጣሪ፣ ሕመሙን ለሐኪም ቢሰጡ አንዱ ሌላውን ያጎድለዋል?»

«አያጎድለውም» አሉ አያ ሚስባህ ጥቂት አስበው።

«እንግዲህ ከደጋን፣ ከገራዶ፣ ከየቀበሌው የሚመጣው በሽተኛ እንደ እርስዎ ነው። እሱን የሚያናግር ሐኪም ከየት ይምጣ? ስለ በቅሎ ጠይቆ ስለ ኪንታሮት የሚሰማ ሰው መጽሐፍ ላይ አይገኝም። ኢስራ ከቤቷ ይዛው የመጣችው ዕውቀት ነው። የጎደላት አፏን መክፈቱ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ሰኞ ልብስ ሊያሰፏት ነው።»

አያ ሚስባህ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቆይ፣ ፈታኙ ፊትስ ትናገሪያለሽ?»

«አባዬ፣» አለች ኢስራ፣ ፈገግታዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ «የእርስዎን ነገር ከጠየቅሁ በኋላ ከእንግዲህ ማንን እፈራለሁ?»

በዚህ መሃል የአያ ሚስባህ ስልክ ጠራ። ዘሀራ ናት።

«ሰኞ ትጀምራለች ብዬ ተናግሬያለሁ፤ መጣችሁ?»

«አልመጣንም። ሰኞ ሌላ ሥራ አለባት።»

«ምን ሥራ?»

«ሕዝበ ሙስሊሙን በቅሎህ እንዴት ናት ብላ ልትጠይቅ ነው» ብለው ዘጉት። ዘሀራ ወንድሟ ምን ሆኖ ነው ብላ ያን ቀን ሙሉ ስትጨነቅ ዋለች።

ሰኞ ኢስራ ለፈተና የቀረበላት በሽተኛ ከቆላ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ለተጠየቀችው ሁሉ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ትላለች። ፈታኙ ግንባሩን ቋጠረ። ኢስራም ዱካ ስባ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና «እናቴ፣ ከምንጭ ውሃ የሚቀዳው አሁን ማነው?» አለቻት። ሴትዮዋም ዳገቱ ትንፋሽ ስለሚያሳጥራት ልጇ እንደሚቀዳ ተናገረች፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ ወጣ። ኢስራም ያገኘችውን ለፈታኙ ዓይኑን እያየች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አስረዳች። አለፈች።

አያ ሚስባህ ይህንን ወሬ ደጋን ገበያ መሃል ሆነው በስልክ ሰሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ ጠጡ ማለታቸውን ትተው ሌላ ማዘዝ ጀመሩ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የተመደበለት ሰው ሁሉ ይጠራና እንዲህ ይባላል፦ «ልጅህን ብቻዋን አትልቀቃት። ከፊቷ የሄዱትን ፈልገህ አገናኛት፤ ያልገባትን ይፈቱላታል፣ መጽሐፍ ያውሷታል፣ ስትደነግጥ ያረጋጓታል። አንድ ፈተና ብትወድቅ ለመመለስ አትሩጥ፤ መጀመሪያ ምን እንደጎደላት ጠይቅ። ቤትህም ውስጥ ስትጠይቅህ ዝም በይ አትበላት፤ ነገ የምትጠይቀው ያንተኑ በሽታ ነው። ከራሳችን መሃል ሐኪም ቢወጣልን አፋችን ባይናገር እንኳ አቀማመጣችንን አይታ ታውቅልናለች።»

ሰላምታቸውም ተለወጠ። «እንዴት ነዎት አያ?» ያላቸው ሰው መጀመሪያ «አልሃምዱሊላህ» የሚል መልስ ያገኛል። ቀጥለው «ይህ ለአላህ ነው። ላንተ ደግሞ ቁጭ በል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ልንገርህ» ይሉታል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሰላም ብሏቸው የሚቸኩልበት ጉዳይ ትዝ ይለው ጀመር።

ሕመማቸው ጋብ ሲል ከአጎታቸው ልጅ ቤት ሄደው በቅሏቸውን አስመለሱ። ኮርቻውን ጭነው፣ ወጥተው፣ ያለ ምንም «ያ አላህ» ተደላድለው ተቀመጡ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ትራገጥ እንደሆን ይጠብቃል። በቅሎዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ጠባይዋ ተሻለ እንዴ፣ አያ?» አለ አንዱ።

አያ ሚስባህ ጎንበስ ብለው አንገቷን ዳበሱ።

«የሷስ ድሮም ደህና ነበር» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የታመምኩት እኔ ነበርኩ።»